ለሰገነት የሚሠራ መከታ

ባለፈው ሰሞን ጉዳይ ገጥሞኝ በካርቱሙ ሪያድ ሠፈር በእግሬ አለፍኩ። በደህናው ጊዜ የባለጸጋ ቪላ የሞላበት ሠፈር ነበር። ቢሯችን ነድፎ ያሠራቸው ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬም ቆመዋል፤ በርና መስኮት ግን የላቸውም፤ የመብራቱ ገመድም ከግድግዳው ውስጥ ተመዝዞ ወጥቷል። እኔ ቀና ብዬ ያየሁት ሰገነቶቹን ነው። ዙሪያቸውን የነበረውን ብረት ነቅለው ወስደውታል። በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ የቀረው ቋሚዎቹ የተተከሉበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ጥርሱ የረገፈ ድድ ይመስላል። ቆሜ አየሁ፤ አማተብኩ፤ መንገዴን ቀጠልኩ። የእኔ የሥራ ዘመን ማለት ያ ብረት ነበር።

ጡረታዬም የመጣው እንዲሁ ነው። የሸኘኝ የለም፣ ያመሰገነኝም የለም። ጦርነቱ መጣ፤ ቢሮው ተዘጋ፤ ሥራ አስኪያጃችን፣ ሁላችንም እንደ ሀገሩ ልማድ «ሙዲር» የምንለው ሰው፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ግብፅ ወጣ። እኔ ሶባ ቀረሁ። ሶባ የከተማው ጫፍ ነው፤ ኪራዩ ይቀላል፤ መንገዱ ግን ያደክማል። ሰላም ሲመለስ ይጠሩኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። በመሐል ዓይኔ ደከመ፤ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ ቀጭን መስመር ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። መስመር ሁለት ሆኖ የሚታያት ሴት ደግሞ የሰው ልጅ የሚጠብቅ ነገር መሣል የለባትም። በዚሁ አበቃ።

ዕድሜሽን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ቢሉኝ፣ ሰው ከፎቅ እንዳይወድቅ የሚያደርገውን ነገር በኮምፒውተር ስሥል ነው የምለው። አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ሃንድሬል ይሉታል። መደገፊያ የሚልም አለ። ሱዳኖች ደረብዚን ይሉታል። እኔ መከታ እለዋለሁ። ይህን ቃል ያስያዙኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሥራዬን የነገርኳቸው ዕለት «ታዲያ አንቺ የታዘዘ ሥራ ነው የያዝሽው፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ተብሏል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሁልጊዜ በስመ አብ ብዬ ነው።

የንድፍ ሥራ የተማርኩት ደሴ ነው፤ በእርሳስና በማስመሪያ። ካርቱም የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው፤ መካኒክ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ፣ የሌላ ሰው ንድፍ ለመገልበጥ ነበር። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሙቀት መቻልና አረብኛ ነው። አረብኛዬም የገበያ አረብኛ ነበር፤ ሽንኩርት እገዛበታለሁ እንጂ ቤት አልሠራበትም።

ሪያድ ወዳለው ቢሮ የተዛወርኩ ሰሞን ሙዲሩ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ «አስካላ! ለላይኛው ሰገነት ደረብዚን ሥሪለት፣ ያላ!» አለኝ። እኔ የሰማሁት ተረቤዛ ነው። ተረቤዛ በእነሱ ጠረጴዛ ማለት ነው። እሺ ብዬ በሰገነቱ መሐል ክብ ጠረጴዛ አኖርኩ፤ አራት ወንበር ጨመርኩ፤ ጨርቅም አለበስኩት። የሰገነቱ ጠርዝ እንዳለ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ረጅም አዛውንት ከኋላዬ ቆመው ማያውን አዩት።

«ማሻአላህ» አሉ። «እንግዲህ ሰውየው ሻዩን እየጠጣ ነው የሚወድቀው።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሳይስቁ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «ጠረጴዛው ጥሩ ነው፤ አታጥፊው። መጀመሪያ ግን ሰውየውን እናትርፈው፤ ሻዩ ይደርሳል።» ለብዙ ጊዜ የቢሮው ሰው «ኡም ተረቤዛ»፣ የጠረጴዛ እናት፣ እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። አዛውንቱ ግን አንድም ቀን አላሉኝም። መሐንዲስ ዑስማን ነበሩ። እኔ ዓም ዑስማን፣ አጎቴ ዑስማን እላቸው ነበር። ከዚህ ሥራ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከእሳቸው ነው።

ዓም ዑስማን የሰው ቤት ሲገቡ ከሰው በፊት ሰላም የሚሉት መከታውን ነው። እውነቴን ነው። ደረጃ ሲወጡ እጀታውን ይጨብጡና እንደ ሰው እጅ ይነቀንቁታል። ካልተነቃነቀ «ወአለይኩም ሰላም» ይላሉ። ከተነቃነቀ ምንም አይሉም፤ ግን ያ ቤት ውስጥ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ባለቤቶቹ ይህን ያውቁ ነበርና ዓም ዑስማን ሻይ ሲጠጡ ማየት በራሱ የምስክር ወረቀት ነበር።

የምሥልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የታሰበውም ለእንጨት ቤትና ለሣር ሜዳ ነው። የሰገነቱን ጠርዝ በማውዝ ስታሰምሪ መከታው እንደ እንጉዳይ ራሱ ብቅ ይላል፤ ቋሚው፣ ዘንጉ፣ የላይኛው እጀታ፣ ሁሉም እንደተሰካካ። ለጀማሪ ተአምር ነው። ግን የሚያበቅለው ነጭ የእንጨት መከታ ነው። ካርቱም ላይ እንጨት ደጅ ቢያቆሙት ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ ከፀሐይ የተረፈውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የእሱን አጥፍቼ የብረት ቱቦ እሥላለሁ። ማዕዘን ላይ ፕሮግራሙ ሁለት ቋሚ ደርቦ ያቆማል፤ አንዱን ካልነቀሉት በያጁ ሥዕሉን አምኖ ሁለት ይቆርጣል። ደረጃና ሰገነት የሚገናኙበት ላይ እጀታው ይሰበርና በመሐል ክፍተት ይቀራል፤ ማያ ላይ ሲያዩት ጥፍር የማታክል ክፍተት ናት፤ ቤቱ ላይ ግን የልጅ ትከሻ ታሳልፋለች። ዘንጎቹንም አግድም አድርጎ መደርደር ለዓይን ያምራል፤ ለልጅ ግን መሰላል ነው። እኔ ሁልጊዜ ቀጥ አድርጌ ነው የማቆማቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ቁመቱ ነው። ፕሮግራሙ የመከታውን ቁመት የሚለካው ወለል ነው ካሉት ቦታ ተነሥቶ ነው። በኋላ ንጣፍ ቢጨመርበት፣ ውኃ እንዲወርድ ተብሎ ሲሚንቶ ቢደለደልበት፣ ካልነገሩት አያውቅም። ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ መከታው ግን አጥሯል። «መከታ ከላይ አይቆረጥም» ይሉ ነበር ዓም ዑስማን፤ «ከታች ነው የሚሰምጠው።»

ሞዴሉ አለቀ ሲባል እሳቸው ሥራቸውን ይጀምራሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚሄደውን ተመልካች የዓይን ከፍታ ዝቅ፣ ዝቅ አድርገው የሕፃን ያደርጉታል። ከዚያ በዚያች ዓይን ቤቱን ይዞራሉ፤ ድምፃቸውንም ቀጭን አድርገው ዩማ፣ እማዬ፣ እያሉ ይጣራሉ። «ዩማ! የአበባው ማሰሮ ላይ ወጣሁ! ዩማ! ከማሰሮው የአየር ማቀዝቀዣው ላይ ወጣሁ!» እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው ግን ዕቃውን አንድ በአንድ ከጠርዙ ያርቃሉ። የካርቱም ሰው በሙቀት ጊዜ ሰገነት ላይ እንደሚተኛ ስለሚያውቁ በገመድ የተጠለፈ አልጋ አሠርተውኝ በየሰገነቱ ያኖሩ ነበር። አልጋው መከታው ጥግ ሲሆን መከታው ከአልጋው ላይ ይለካል። «እግር የሚቆምበት ሁሉ ወለል ነው፣ አስካላ። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም፤ እግር የለውማ።»

እሳቸው ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቤት ከዋሉ በኋላ ነው የጣኢፉ ሥራ የመጣው።

ጣኢፍ ከሪያድ ብዙም አይርቅም፤ እሱም የደኅና ኑሮ ሠፈር ነው። ባለቤቱ የሰሊጥ ነጋዴ ሐጂ ነበሩ። ከታች ይኖራሉ፤ ላይ አንድ ፎቅና ሰፊ ሰገነት መጨመር ፈለጉ። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ልጃቸው ኢክራም ናት፤ ባሏ ባሕር ማዶ ነው የሚሠራው፤ እሷም ቀኑን መሥሪያ ቤት ትውላለች። አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ አላት፤ ሐሙዲ ይሉታል። ሐሙዲን የምታሳድገው ሰዓዳ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች።

ሥራውን ለመለካት ስሄድ በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ናት፤ ልጁ ከወገቧ አይወርድም። የሀገሯ ሰው መሆኔን ያወቀች ዕለት ከላይ እስከታች አየችኝ።

«እትዬ፣ ቤት የሚሠሩት እርስዎ ነዎት? እንዲህ በቀጭን እጅ?»

«በኮምፒውተር ነው፣ ልጄ።»

«እንዲያ ከሆነማ ለእኔም አንድ ይሥሩልኛ! ትልቅ ነገር አልፈልግም፤ እመቤቲቱ የማትደርስበት አንድ ክፍል ብቻ።» ሳቋ ሌላ ነው፤ ልጁም እሷ ስትስቅ ይስቃል።

«ቁልፉን ለማን ልስጥ?»

«ለሐሙዲ! እሱ ነው ጌታዬ።»

ሐጂ የፈለጉት ነገር በሰገነቱ ዳር ዙሪያውን የሚሄድ የግንብ መቀመጫ ነው። እነሱ መስጠባ ይሉታል፤ የእኛ መደብ ማለት ነው። የእኛ መደብ ግን ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚሠራው። ሐጂ የፈለጉት ነፋሱ ባለበት፣ ጠርዙ ላይ ነው። እሺ ብዬ ሠራሁና መከታውን ከመደቡ ላይ ለክቼ ከፍ አደረግኩት። ሐጂ መጥተው ማያውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ይህ ሰገነት ነው ወይስ ወህኒ ቤት?»

ሙዲሩ ሳቅ ብሎ ማውዙን ከእጄ ወሰደና ዝቅ አደረገው። «ይኸው ሐጂ፣ አየሩ ተከፈተ።»

«ከመደቡ ላይ ሲለካ እኮ ያጥራል» አልኩ።

«ከወለሉ ላይ ለኪው፣ ሙሉ ነው። መደብ መቀመጫ ነው፤ ሰው መቀመጫ ላይ አይቆምም።»

«ልጅ ይቆማል።»

«ልጅ ጠባቂ አለው፣ አስካላ። ያላ።»

ፕሮግራሙም የፈረደው ለእሱ ነው። ለፕሮግራሙ መደብ ዕቃ ነው፤ እንደ ሶፋ፣ እንደ አበባ ማሰሮ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ብረቱ ተበየደ፤ ቀለም ተቀባ፤ ሐጂም በአየሩ ደስ አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጀመሪያ የሰማሁት በወሬ ነው። ቅዳሴ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴት «ጣኢፍ ውስጥ የሀገራችን ልጅ የጌቶቿን ልጅ ገድላ ታሰረች» አለችኝ። ስሟን ሳልጠይቅ ማን እንደሆነች አወቅሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ሐሙዲን መደቡ ላይ አስቀምጣ እያበላችው ነበር። የአቧራ ማዕበል ሲመጣ አየች። የታጠበው ልብስ ገመድ ላይ ነበር፤ እሱን ልትሰበስብ ዞር አለች። ልጁ መደቡ ላይ ቆመ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሰዓዳ ደረጃውን ወርዳ ግቢው ውስጥ ተንበርክካ ጮኸች። ያ ቤት ውስጥ የሚነገረው አረብኛ ስለሆነ በአረብኛ ነው የጮኸችው። «ገተልቱ! አና ገተልቱ!» ገደልኩት፣ እኔ ገደልኩት ማለት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ፖሊስ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ መሰከረ።

እኛ ሀገር ለቅሶ የደረሰ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል። እናት «ልጄን በላሁት» ትላለች። ያስታመመች እህት «እኔ ነኝ የገደልኩህ» ትላለች። በላች ብሎ የሚከሳት፣ ገደለች ብሎ የሚያስራት የለም፤ ይልቅ ደግፈው ይይዟታል። ሰዓዳ የሀገሯን ለቅሶ በሰው ሀገር ቋንቋ አለቀሰች፤ ቋንቋው ደግሞ ለቅሶውን አያውቀውም።

በማግስቱ ዓም ዑስማን ጋ ሄድኩ፤ እሳቸውም እዚሁ ሶባ ነበሩ። የመደቡን ነገር ነገርኳቸው። «መከታውን ዝቅ ሲያደርጉብሽ ተከራክረሻል?» አሉ። «አንዴ» አልኳቸው። «አንዴ» አሉ እሳቸውም፤ ሌላ አላሉም። «ከዘራዬን አንሺልኝ» አሉ።

ሙዲሩ ለሰዓዳ ልመሰክር እንደማልሄድ ሊያስምለኝ ነበር። «መከታው ሙሉ ነው፤ በሕጉ ነው የሠራነው። አንቺ ሄደሽ መደብ መደብ ካልሽ ቢሮው ይዘጋል። ስንት ሰው ነው እዚህ እንጀራ የሚበላው?» እውነቱን ነው፤ ብዙ ሰው ነበር። ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም። አላባረረኝም ግን፤ ፕሮግራሙን ከእኔ በቀር የሚችል አልነበረውም።

የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ የሠፈሩ ሽማግሌዎች፣ አጃዊድ ይሏቸዋል፣ ሐጂ ቤት ተቀመጡ። ዓም ዑስማን ሰገነቱ ላይ ካልሆነ አልናገርም አሉ። በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። እጀታውን ጨበጡት። ጽኑ ነበር፤ አልተነቃነቀም። ሰላምታውን ግን አልመለሱለትም።

«ሐጂ» አሉ፤ «ጫማዎን አውልቀው መደቡ ላይ ይቁሙልኝ።»

«ለምን?»

«ለአላህ ብለው።»

ሐጂ ወጡ። ነፋስ ጀለቢያቸውን ሞላው። መከታው ከጉልበታቸው በታች ነበር። ወደ ታች አዩ፤ ወዲያው የዓም ዑስማንን ትከሻ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። ሲወርዱ መደቡ ላይ አልተቀመጡም፤ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጡት።

«እሺ፣ ይህስ የብረቱ ጥፋት ነው» አሉ። «ቃሏስ? ገደልኩት ያለችው ቃልስ?»

እኔ ነገርኳቸው። የለቅሷችንን ነገር እንዳቅሜ አስረዳሁ። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ «ሱብሃነላህ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ!» አለ። ሐጂ ግን «ከአንቺ አፍ አይደለም፤ ከእሷ ልስማው» አሉ። ተያይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

ሰዓዳን አወጧት። ከስታለች። ልብሷ ያው የዚያን ዕለቱ ነው። መኮንኑ ወረቀት አመቻቸና «ቱርጁማኗ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አስተርጓሚዋ ነኝ አልኩ። «የምትለውን ብቻ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

በአማርኛ አናገርኳት። «ሰዓዳ፣ ስሚኝ ልጄ። ገተልቱ ያልኩት የሀገሬ የለቅሶ ወግ ነው በያቸው። ሌላ ቃል አትጨምሪ። ሐጂ ይህችን ብቻ ሊሰሙ ነው የመጡት።»

«ወግ ነው ልበል?»

«አዎ። በቃ።»

«እትዬ፣ ወግ ነው ካልኩማ አላዘንኩም ማለት ነው።»

«እንደዚያ ማለት አይደለም፣ ሰዓዳ!»

«ወግ አልቅሼ አውቃለሁ እኮ። የጎረቤት ለቅሶ ሄጄ ወግ አልቅሻለሁ። ለሐሙዲ ግን ወግ አላለቀስኩም። ዞር ባልል አይወድቅም ነበር፤ ልብስ ነው ያስበለጥኩበት፤ የረጠበ ልብስ። ውሸት ነበር ብዬ ልጁን ሁለተኛ ልቅበረው?»

«እነሱ እንደዚህ አይረዱሽም። ያስሩሻል።»

«ይሰሩኛ! ወላሂ እትዬ፣ ቃሌን አይውሰዱብኝ። እንዳልኩት ይንገሯቸው።»

«ምን አለች?» አለ መኮንኑ።

የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ለቅሶ ነው ትላለች፤ ይኸው ነው። እሷ አረብኛውን ትሰማለች፤ ግን በፍጥነት ብናገረው ሳታርመኝ ያልፍ ነበር ይሆናል። ሐጂ ከንፈሬን ያያሉ። ለእውነት ብዬ ይሁን፣ ቃሌን አይውሰዱብኝ ስላለችኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

«ዞር ባልል አይወድቅም ነበር ትላለች» አልኩ። «ልብሱን ልሰበስብ ባልዞር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የላትም። እኔ ግን ከራሴ የማስረዳው አለ፤ በእኛ ሀገር ...»

«አንቺ ቱርጁማን ነሽ። ከራስሽ የለሽም» አለና ጻፈ።

ሐጂ ከጣቢያው ሲወጡ መኪናቸው ላይ እጃቸውን አስደግፈው ቆሙ። «ሞኝ ናት ወይስ የአላህ ሰው ናት?» አሉኝ። ልጅ ናት አልኳቸው። «እኔ ለራሴ ይቅር ብያለሁ። የእናቱ ግን የእናቱ ነው።»

ኢክራም ሽምግልናው ላይ አልተቀመጠችም፤ ጣቢያም አልመጣችም። በአባቷ በኩል ቃል ብቻ ላከች፤ ክሱን ትቻለሁ፤ ይህን አገር ግን ለቃ ትሂድ፤ እሷ ያለችበትን አየር አልተነፍስም። ክሱ ቀረ። ሰዓዳ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም፤ ስለዚህ ከእስር የወጣችው ወደ ድንበር በሚሄድ መኪና ነው።

ጠዋት ዳቦና ተምር፣ የእግር ጫማም ይዤላት ደረስኩ። መኪናው ላይ ሌሎችም የሀገራችን ሴቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ትስቅ ነበር። ሰዓዳ በብረቱ መሐል እጇን አውጥታ እጄን ያዘች።

«እትዬ፣ የት ነው የቀበሩት? የነገረኝ የለም።»

ነገርኳት።

«ይሄዱልኛል? የእነሱ መቃብር ነው፣ አይገቡም፤ አውቃለሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ቢሆንም።»

«እሄዳለሁ።»

«አደራ። ሰዓዳ ልካኝ ነው ይበሉት።»

ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እንዳለችኝ አልኩ። እሷ ወሎ ከገባች በኋላ አንድ ጊዜ ደውላልኝ ነበር፤ መድረሷን ነግራኝ፣ ስለ ሐሙዲ ሳንናገር ዘጋን። ከዚያ በኋላ እዚያም ጦርነት መጣ፤ ስልኩ አይነሣም። ዓም ዑስማንም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ሐጂ መደቡን አስፈረሱት። ሙዲሩ ከዚያ ወዲህ ስለ መከታ ስከራከር ዝም ይለኝ ነበር፤ ከፍ አድርጌ ስሥል አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ምን ያደርግልኛል!

ሐሙዲ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሲል ኢክራም ቢሮ መጣች። ቶብ በሚሉት ጥቁር መጎናጸፊያ ተጠቅልላለች። ለሥራ የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት። የተቀመጠችው ግን በወንበሩ ጫፍ ነው።

«የእሷን ቃል ያስተረጎምሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«አባቴ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነው የነገረችን ይላል። ለእሷ የማይበጃትን እንኳ አልደበቀችም ይላል።»

ዓይኔን ከማያው አነሣሁ።

«ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት» አለች። «ሌላ ሰው ብጠይቅ ያባብለኛል። ልጄ ከእሷ ጋር በቋንቋችሁ ነበር የሚያወራው። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ እየሮጠ ይመጣና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ ነገር ይለኛል። ሁልጊዜ ያንኑ ነገር። ደክሞኝ ነው የምገባው፤ ምን እንደሆነ እሷን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።»

«ምን ነበር የሚልሽ?»

ከንፈሯን አረጠበችና በሕፃን አነጋገር አለችው። «ቀፊኝ።»

ማውዙን ከእጄ ለቀቅሁት።

«ቀፊኝ» አለች ደግማ፤ በደንብ ያላልኩት እንደሆነ ብላ ነው መሰለኝ ቀስ አድርጋ። «ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አለ። እጁን የሚዘረጋው ወደዚያ እየመሰለኝ ሞያ እሰጠው ነበር።» ሞያ በእነሱ አረብኛ ውኃ ነው። «ይጠጣል። ይጠጣና ዝም ይላል። ሁልጊዜ ማታ እንደዚህ ነበርን። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ማለት ነው? ልክ ነበርኩ?»

ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነበር፤ ልክ የአባቷ ዓይን።

«ሞያ ነው» አልኳት። «ውኃ ስጪኝ ማለት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።